ሰማይ አይታረስ ቢባልም ሹም ይጠየቃል

ውድ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበርና የሰሜን ሸዋ ከተሞች መራጮች!

ጉዳይ ይዞ ወደ መንግሥት ቢሮ የሄደ ሰው የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» ይባላል። በማግስቱ ኃላፊው ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ «ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ከበላይ አካል የመጣ መመሪያ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ያ የበላይ አካል ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጠይቀው ግን የሚነግረው የለም። ባለጉዳዩም ማኅደሩን በብብቱ ይዞ በደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ ሲወዳደር ከሌሎች ጉዳዮች ሁሉ ይህን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገድ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራና ሰላም በሁሉም ፓርቲ ማኒፌስቶ ተጽፈው ይገኛሉ። የተጻፈው ሳይፈጸም ሲቀር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንደራሴ ከሌለ ግን ማኒፌስቶ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ባለሥልጣን በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቆሞ መጠየቅ፣ መመለስና በሰጠው መልስ መያዝ አለበት።

ልማዱ የእኛው ነው

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን አባባል ገዥዎች ይወዱታል። ይሁን እንጂ ይህን የተናገረው ሕዝብ በሙግት አደባባይ ባላጋራውን «ተጠየቅ!» እያለ ሲሟገት፣ የጉልበተኛን እጅ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲያቆም የኖረ ሕዝብም ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ሆነ በኋላ በምኒልክ ጊዜ፣ የተበደለ ሰው «አቤት!» እያለ ወደ ግቢ ይመጣ ነበር። አቤቱታው የሚሰማው ግን በንጉሡ በጎ ፈቃድ ነበር፤ ንጉሡ ራሱ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም። እኛ የምንታገለው «አቤት» ከሚለው ልመና «ተጠየቅ» ወደሚለው መብት ለመሻገር ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ለአገራችን የመጀመሪያውን ምክር ቤት ሰጠ፤ የሕግ መምሪያው አባላት ግን በመኳንንቱና በሹማምንቱ የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ግን ንጉሠ ነገሥቱ እንደሆኑ ቀጠሉ። የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ሲያልቅ ሹማምንቱን በጊዜው ጠርቶ እውነቱን ለማውጣት የሚችል ምክር ቤት በአገሪቱ አልነበረም።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚጠይቅ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉባቸውን 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ገደለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚህ የተማርነው መራራ ነገር አለ፤ በጊዜውና በቦታው ያልተጠየቀ ጥያቄ ቦታውን ለጥይት ይለቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

ዛሬ ሕግ የለንም ማለት አንችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም እንዲጠየቅ ይደነግጋል። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ተሰጥቶታል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማናቸውም ሥልጣን ላይ ውይይት እንዲደረግ ያዛል። ከ547 መቀመጫ አንድ ሦስተኛው 183 እንደራሴ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ልብ ይበሉልን፤ እንመለስበታለን።

አንቀጽ 54 እንደራሴው በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንዳይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝ ይጠብቀዋል። ጥበቃው የተሰጠው እንደራሴው በመራጩ ስም ያለ ፍርሃት እንዲጠይቅ እንጂ ለግሉ ክብር አይደለም። ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ጉድለቱ የት ላይ ነው? ጉድለቱ ወንበሩን በያዘው ሰውና ወንበሩን በሚያጣብበው ደንብ ላይ ነው።

ጥያቄ የጠፋበት ዘመን

በ1997ቱ ምርጫ በይፋ በተገለጸው ውጤት ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 የምክር ቤት መቀመጫ አገኙ። ድምሩ 172 ነው፤ አንድ ሦስተኛ ለመሙላት 11 ሰው ብቻ ይጎድለዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሰናባቹ ምክር ቤት ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረው ቀርቶ ከግማሽ በላይ የምክር ቤቱ አባላት ድጋፍ እንዲያስፈልግ ተደረገ። ደንቡ በኋላ ቢሻሻልም ያን ጊዜ የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡ ጠያቂ ሲልክ በሩ እንዲጠብ ተደረገ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የገዥው ወገን ብቻ አልነበረም። በዚያ የመከራ ጊዜ ከተመረጡት የተቃዋሚ እንደራሴዎች መካከል ብዙዎቹ ምክር ቤት አልገባንም አሉ፤ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። ምክንያታቸውን አናቃልልም፤ ነገር ግን ባዶ ወንበር ጥያቄ አይጠይቅም። ፓርቲያችን ከዚህ ተምሮ የወሰነው ውሳኔ አለ፦ እርስዎ የሰጡንን ወንበር፣ አንድም ቢሆን፣ ባዶ አናደርገውም።

አንድ ወንበርም ዋጋ አለው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከተቃዋሚው ጎራ የገቡት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ሌላ አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ። አቶ ግርማ ለአምስት ዓመት ብቻቸውን ተነሥተው ሲቃወሙ አገሩ ሁሉ ይሰማቸው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ይህችም አንዲት ድምፅ ጠፍታ 547ቱም መቀመጫ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። ብዙ ሳይቆይ ሕዝቡ ምክር ቤት ውስጥ ያጣውን ጥያቄ በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያና በአማራ ከተሞች አደባባይ ወጥቶ ጠየቀ። የተመለሰለትም በጥይትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ። ከአብን የተመረጡትና የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሣው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። የተከሰሱበትን ነገር መዳኘት የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ እኛ እዚያ አንገባም። ቅደም ተከተሉ ግን የምክር ቤቱ ጉዳይ ነው። ፈቃድ ቀድሞ መጠየቅ ሲገባው እስሩ ከቀደመ፣ ሌላው እንደራሴ ነገ ጥያቄ ሊያነሣ ሲል ወዲያና ወዲህ ቢመለከት አይፈረድበትም።

አለመጠየቅ ምን ያስከፍላል?

«ጥያቄ ሥራ ያጓትታል፤ ልማት ያደናቅፋል» የሚሉ አሉ። መልሳችን ሂሳብ ነው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. ተቋቁሞ የስኳር ፋብሪካውን፣ የማዳበሪያ ፋብሪካውን፣ የኃይል ማመንጫውን ሥራ ተረከበ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዲስ ስኳር ፋብሪካ ይገነባል ተብሎ ነበር፤ የዕቅዱ ዘመን በ2007 ዓ.ም. ሲያበቃ ሕዝቡ ስኳር ለመግዛት በቀበሌ ሱቅ ደጅ ተሰልፎ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ይፋ አደረገ። ይህ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አልወጣም፤ ዓመታት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት በጀቱን እጅ እያወጣ ያጸደቀው ምክር ቤት «ጨረታው የት አለ?» ብሎ በጊዜው ቢያስጨንቅ ኖሮ ስንት ትምህርት ቤትና ስንት ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር?

በጀቱ ከዚያ ወዲህ እየገዘፈ መጥቷል። ለ2014 በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል በጀት 561 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ገንዘቡ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ጠያቂው በሦስት እጥፍ አልበረታም። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ክፍያ ይዘረዝራል። እንደራሴዎች ይቆጫሉ፣ ኃላፊዎች «እናስተካክላለን» ይላሉ፣ በዓመቱ ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት የሚኖረው የበላው ሰው በስሙ ተጠርቶ ስላልተጠየቀ ነው።

የብሩን ጉዳይ እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱን የገንዘብ ፖሊሲ የማጽደቅ፣ የውጭ ምንዛሪን የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። ይሁንና የምክር ቤቱ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ተነገረን። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርምጃው ይጠቅማል የሚሉም ይጎዳል የሚሉም የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሉ። እኛ የምንለው ይህ ክርክር አስቀድሞ በምክር ቤት፣ ሕዝብ እየሰማ መካሄድ ነበረበት ነው። የደመወዝተኛው ወርኃዊ ገቢ፣ የባለ ሱቁ መነገጃ፣ የጡረተኛው ዘይት በአንድ ማለዳ ዋጋቸው ሲለወጥ የእርስዎ እንደራሴ እንደ እርስዎ ከዜና ነው የሰማው።

የልጆቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወጣቶች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃ መቆሙን እንደግፋለን። ነገር ግን ለ12 ዓመት የተማሩ ልጆች ከመቶ 97ቱ ሲወድቁ የወደቀው ተማሪው ብቻ ነው? መጽሐፍ ሳይደርስ፣ መምህር ደመወዙ ለቤት ኪራይ ሳይበቃው የቆየውን ትምህርት ቤት ሲመራ የነበረ ሹም ሁሉ ምን መልስ ሰጠ? ይህ ጥያቄ ዛሬም መልሱን እየጠበቀ ነው።

የሰሜን ሸዋ ጥያቄ

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደብረ ብርሃን በቻይና ካምፕና በወይንሸት መጠለያዎች ዓመታት ቆጥረዋል። የደብረ ብርሃን ሕዝብ ያለውን እንጀራ ተካፍሏል፤ ለዚህም ኩራት ይሰማናል። ሆኖም የሕዝብ ቸርነት የመንግሥትን ኃላፊነት አይተካም። ማስጠንቀቂያው ለማን ደርሶ ነበር? የጸጥታ ኃይሉ ለምን ዘገየ? አጣዬን መልሶ ለመገንባት የተመደበው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? ተፈናቃዩ በሰላም የሚመለስበት ወይም በቋሚነት የሚቋቋምበት ዕቅድ የማን ኃላፊነት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በስም ተጠርቶ፣ በቀን ተወስኖ፣ በአደባባይ የተጠየቀ ሹም አላየንም።

በአቅራቢያችን ያለው አሠራር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በአማራ ክልል የብሔረሰብ አስተዳደር ከሆኑት ከአዊ፣ ከዋግ ኽምራና ከኦሮሞ ዞኖች በቀር ሌሎቹ ዞኖች የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖራቸው አልተደረገም። የሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳዳሪ የሚሾመው ከክልል ነው፤ የሚጠይቀውም በባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት ነው። ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ ዞሮ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአንኮበር ገበሬ በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በጊዜው ያልደረሰው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ይህን ሁሉ መንገድ ሊሄድ አይችልም። የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶችም ቢሆኑ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተመረጡ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ ተራዝሟል። ለአምስት ዓመት የተሰጠ አደራ ዘመኑ ሲያልፍ ጠያቂውም ተጠያቂውም ያው የቢሮ ሰው ይሆናል።

ምን እናደርጋለን?

ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን ይፈጽማል፤ በጥቂት መቀመጫ ቢገባም ለእነዚሁ ይታገላል።

አንደኛ፣ የእንደራሴ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲቀርብና ሚኒስትሩ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመልስ የሚያስገድድ ደንብ እናቀርባለን። መልስ ያጡ ጥያቄዎች ከነሚኒስትሩ ስም በየወሩ ይታተማሉ።

ሁለተኛ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥያቄ ጊዜ በቀን የተወሰነ ይሆናል። በእንግሊዝ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ እያለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየሳምንቱ ረቡዕ ይጠየቃል፤ የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ አለው፤ መልሱ ካላረካው ወዲያው ተከታይ ጥያቄ ያነሣል። እኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ሁሉ በአንድነት ከቀረበ በኋላ ረጅም ንግግር ይደመጣል፤ ጠያቂው «አልተመለሰልኝም» የሚልበት ዕድል ጠባብ ነው። ቢያንስ በወር አንድ ቀን፣ ጥያቄና መልስ በየተራ እንዲሆን እንታገላለን።

ሦስተኛ፣ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ እንዲችሉ፣ የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴውም ሁልጊዜ በተቃዋሚ ወገን እንዲመራ በሕግ እንዲደነገግ እናደርጋለን። በአንድ ዓይነት የኦዲት ግኝት ሁለት ዓመት በተከታታይ የተያዘ ኃላፊ ከቦታው እንዲነሣ ጥያቄ እናቀርባለን።

አራተኛ፣ ምክር ቤቱ በዕረፍት ላይ ሳለ የታወጀ አስቸኳይ ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዝ ሁሉ፣ የኑሮ ዋጋን የሚያናጋ የኢኮኖሚ ውሳኔም ከመፈጸሙ በፊት ምክር ቤቱ ተጠርቶ እንዲመክርበት የሚያደርግ ሕግ እናመነጫለን።

አምስተኛ፣ የሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖረው የክልሉ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል እንጠይቃለን። እስከዚያው የክልሉ ምክር ቤት ኮሚቴዎች የዞኑን ኃላፊዎች በደብረ ብርሃን፣ ሕዝብ በተገኘበት እንዲጠይቁ እንታገላለን።

ስድስተኛ፣ እኛም እንጠየቃለን። እንደራሴዎቻችን በየሁለት ወሩ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ለመራጩ ቀርበው ምን እንደጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰላቸው፣ ምን ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጡ ያስረዳሉ። አደራውን ያጎደለ እንደራሴ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ውክልናው ሲነሣ ፓርቲያችን ጋሻ አይሆነውም።

ብዙኃኑን ካልያዛችሁ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል የሚል መራጭ ይኖራል። በደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ዙማ በመንግሥት ገንዘብ የግል መኖሪያቸውን ሲያሠሩ የገዥው ፓርቲ ብዙኃን ምክር ቤቱን ዝም አሰኝቶት ነበር። በጥቂት ወንበር የተቀመጡ ተቃዋሚዎች ግን ሳይታክቱ ጠየቁ፣ ፍርድ ቤትም ወሰዱት። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱም ምክር ቤቱም ግዴታቸውን እንዳልተወጡ ወሰነ፤ ፕሬዚዳንቱም 7.8 ሚሊዮን ራንድ መልሰው ከፈሉ። እኛም ጋ 183 ሲሞላ ምክር ቤቱ ራሱ እንዲወያይ ማስገደድ ይቻላል። እያንዳንዱ ወንበር ወደዚያ ቁጥር አንድ እርምጃ ነው።

ውድ መራጭ! ድምፅዎን ከመስጠትዎ በፊት ደጅዎን ለሚያንኳኳ ተወዳዳሪ ሁሉ፣ የእኛን ጨምሮ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የራስህ ፓርቲ ሚኒስትር ሲያጠፋ በአደባባይ ትጠይቀዋለህ? በጀት ሲጸድቅ ያልገባህን ሳትጠይቅ እጅህን ታወጣለህ? ከተመረጥክ በኋላ የት አገኝሃለሁ? መልሱ ካላረካዎት አይምረጡት። ዛሬ በደጅዎ ቆሞ በእርስዎ ለመጠየቅ የማይወድ ሰው ነገ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ስለ እርስዎ ሹም አይጠይቅም።

ሹም ይጠየቅ! ሕዝብ መልስ ያግኝ!

ኢትዮጵያ በነፃነትና በክብር ለዘለዓለም ትኑር!